እናቴ ታዲያ የት ተወለደች?

ለአዘጋጁ፣

ስለ ዝዋይ፣ ማለቴ ስለ ባቱ፣ ያወጣችሁትን የጉዞ ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ፣ ሁለተኛውን ተናድጄ። ቆሮሶ ዓሣውን አድንቃችኋል፤ ዓሣ አጥማጆቹ እግር ስር የሚርመሰመሱትን አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ሳይቀር። ከዚያ መሃል ላይ «በሐይቁ ላይ ያሉት ሰው አልባ ደሴቶች» ብላችሁ አለፋችሁ።

ሰው አልባ! እናቴ የተወለደችው ቱሉ ጉዶ ላይ ነው። ማን አዋለዳት ታዲያ፣ ጉማሬ?

እሺ፣ ረጋ ልበል። ደምበል፣ ማለትም የዝዋይ ሐይቅ፣ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ ፀደቻና ፉንዱሮ ላይም ሰው ይኖራል። ዛይ እንባላለን። ከስልጥኛና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ የራሳችን ቋንቋ አለን። ወገኖቼ ተዳፋቱን በእርከን እየደገፉ ሲያርሱ፣ ዓሣ ሲያጠምዱ ነው የኖሩት። አባቶች እንደሚሉት ደግሞ በዮዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው የመጡት ወደዚሁ ደሴት ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ፤ ደብረ ጽዮን ገዳም ግን ዛሬም ቆሟል፣ ቄሶቹም ሰዎች ናቸው።

ዘጋቢያችሁ ደሴቶቹን ያያቸው ዳር ላይ በረንዳ ተቀምጦ፣ ቀዝቃዛ ነገር እየጠጣ ይመስለኛል። ከዚያ ሆኖ ሰው አይታይም፣ እውነቱን ነው። እኔም ቢሮዬ ተቀምጬ የእናንተን ዝግጅት ክፍል አላየሁትም፣ ግን ባዶ ነው ብዬ አልጻፍኩም።

«ለዋና ምቹ» ያላችሁትንስ? ዋና ለላንጋኖ ይሁንላችሁ። እዚህ ጉማሬም አለ፣ ቢልሃርዝያም አለ።

በጣም ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ከየት ነህ ስባል ከደሴቱ ነኝ እላለሁ፤ «እዚያም ሰው አለ እንዴ?» ብለው ይስቁብኝ ነበር። ያ አለፈ ስል ሰሞኑን የሥራ ባልደረባዬ የእናንተን ዘገባ ልኮልኝ «አየህ፣ ሰው የለም ይላል» አይለኝም! እየቀለደ ነው፣ አውቃለሁ። ለእናቴ ሳነብላት እሷም ሳቀች፣ «ስንት ዘመን ሳልወለድ ኖርኩ በለኛ!» አለች። እኔ ግን አልሳቅኩም።

እርምት አውጡ፣ እንዳወጣችሁት ጎላ አድርጋችሁ። ዘጋቢውንም መልሳችሁ ላኩት፣ ጀልባውን እኔ አገኝለታለሁ። ብቻ በጠዋት ይምጣ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል፤ እኔ የደሴት ልጅ የምባለውን እንኳ ስንቴ አስመልሶኛል።

የቱሉ ጉዶዋ እናት ልጅ