የእግር ጉዞ ክበብ ዘገባ፦ ከጋርዝ ኮረብታ እስከ ቫን ብርኸይንዮግ

የአማርኛ ትምህርት ቤታችን ልጆች የእግር ጉዞ ክበብ የዘንድሮውን ጉዞ የጀመረው በዌልስ፣ ካርዲፍ ከተማ አጠገብ ካለው ጋርዝ ኮረብታ ነው። ከፍታው 307 ሜትር ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል። ብርዱ ሲመጣ ክፍል ውስጥ ሆነን ካርታ ማንበብ ተማርን። ካርታው ላይ ያሉት የከፍታ መስመሮች በተጠጋጉ ቁጥር ዳገቱ እንደሚበረታ ልጆቹ ቶሎ ገባቸው። ኮምፓሱ ግን ጊዜ ወሰደባቸው።

የዓመቱ ትልቁ ጉዞ በጁላይ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል ያደረግነው ነው። ብዙ ወላጆች ፔን ኤ ቫንን የምንወጣ መስሏቸው ነበር። 886 ሜትር ነው፤ በደቡብ ዌልስ የሚበልጠው ተራራ የለም። በበጋ ቅዳሜ ግን ሰው ይተራመስበታል። ልጅ ከኋላው በሚመጣ ሰው እየተጣደፈ ተራራ መውጣት የለበትም ብዬ አምናለሁ። ቆም ብሎ ማየት፣ መጠየቅ፣ ሲደክመው ቁጭ ማለት አለበት። ስለዚህ በዚያው በባናይ ብርኸይንዮግ ብሔራዊ ፓርክ፣ ወደ ምዕራብ ራቅ ብሎ የሚገኘውን ቫን ብርኸይንዮግን መረጥን። 802 ሜትር ነው፤ ጸጥ ያለ ነው።

መንገዱ ከላንዴይሳንት መንደር በላይ ተነስቶ፣ ወንዙን እየተከተለ ወደ ሊን ኤ ቫን ቫኽ ሐይቅ ይወጣል። የክበባችን ደንብ ቀስ ብሎ የሚሄደው ልጅ ከፊት ይሁን የሚል ነው። ያን ቀን የመራችን ከሁሉም ትንሿ ልጅ ናት። ፈጣኖቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ኋላ ወሬው ሲደራ ረሱት። ያውም በአማርኛ! ክፍል ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲናገር የምንለምነው ልጅ፣ በጎቹ ጀርባ ላይ ያለው ቀለም የማን ምልክት እንደሆነ ሲከራከር ሰማሁት።

ምሳችንን ሐይቁ ዳር በላን። ከበላያችን ቀይ የድንጋይ ገደል አለ። የአካባቢው ሰዎች ስለዚህ ሐይቅ የሚያወሩትን ተረት እዚያው ነገርኳቸው። አንድ ከብት ጠባቂ ወጣት ከውሃው የወጣች ቆንጆ አይቶ ዳቦውን ሰጣት። ደርቋል ብላ እምቢ አለች። ሌላ ቀን ሊጥ ይዞላት መጣ፤ አልበሰለም አለችው። በሦስተኛው ለስለስ ያለ ዳቦ አመጣ፤ ያኔ ልታገባው እሺ አለች። «ያለ ምክንያት ሦስት ጊዜ ከመታኸኝ ግን ትቼህ እሄዳለሁ» አለችው። ምቶቹ ቀላል ነበሩ፤ ሦስት ግን ሞሉ። ከብቶቿን በስማቸው እየጠራች፣ አስከትላቸው ሐይቁ ውስጥ ገባች። ልጆቿ ከእሷ መድኃኒት ተምረው የመድቫይ ሐኪሞች ሆኑ ይባላል። ሐኪሞቹ በእርግጥም የነበሩ ናቸው። የመድኃኒት አዘገጃጀታቸው በመካከለኛው ዘመን የዌልስ ብራና ላይ ተጽፎ ይገኛል።

አንዱ ልጅ እናቱ የጋገሩለትን ድፎ ዳቦ ከፎይሉ አውጥቶ ውሃው ጫፍ ላይ ቆመ። ጥቁር አዝሙዱ ከላዩ ይታያል። «ቲቸር፣ ይሄን ብትቀምሰው በመጀመሪያው ቀን እሺ ትል ነበር» አለኝ።

ትልልቆቹን ልጆች የያዛቸው የሐይቁ ግድብ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠራ ሲሆን፣ ከሠራተኞቹ መካከል ህሊናችን አይፈቅድም ብለው መሣሪያ ያላነሱ ሰዎች ነበሩበት። «ታስረው ነበር? ሰው ፈሪ አላላቸውም?» እያሉ እስከ ዳገቱ ድረስ ጠየቁኝ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ክፍል ውስጥ ቀርቦልኝ አያውቅም።

ፒኩስ ዲ የሚባለው ጫፍ ላይ ዳገቱ ከበደ። ከገደሉ ጠርዝ ራቅ ብለን፣ በየመሃሉ እያረፍን ወጣነው። ቫን ቮይል የሚባለው ጫፍ ላይ ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት የተሠራ መቃብር አለ። ተቆፍሮ ሲጠና የአበባ ብናኝ ተገኝቶበታል። ትንሿ መሪያችን «አበባ አድርገውላቸው ነበር ማለት ነው?» አለች። አጥኚዎቹም እንደዚያ ነው የገመቱት። ከዚያ በኋላ እስከ ዋናው ጫፍ ያለው መንገድ ቀላል ነው። ሁሉም ልጆች ደረሱ።

በመጪው ዓመት ወደ ፓርኩ ምሥራቃዊ ዳርቻ ሄደን ዋውን ቫኽ የሚባለውን ተራራ (811 ሜትር) ለመውጣት አስበናል። መኪና ይዛችሁ ለመጣችሁ ወላጆች እግዚአብሔር ይስጥልን። ልጆቻችሁ ያነሳቸው የተራራ ጫማ ካለ አትጣሉት፤ አዳዲሶቹ ተማሪዎች ይፈልጉታልና ቅዳሜ ጠዋት ይዛችሁልን ኑ።