የተከፈለበት ምስክርነት ክፍያው ይነገርበት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ታናሽ እህቴ ዱባይ በሰው ቤት ተቀጥራ ለዓመታት ያጠራቀመችውን ገንዘብ ለአፓርታማ ቅድመ ክፍያ ያዋለችው፣ አንድ ብዙ ተከታይ ያለው ዩቲዩበር በግንባታ ላይ ያለውን ሕንፃ እየዞረ ሲያሳይ ተመልክታ ነው። «እኔ ራሴ አምኜባቸዋለሁ» ሲል ሰምታዋለች፤ ለዚያ ቃል የቤት አልሚው ድርጅት እንደከፈለው ግን አልነገራትም። የርክክቡ ቀን ካለፈ ሁለት ዓመት ቢሞላም ሕንፃው አራተኛ ወለል ላይ እንደቆመ ነው። ደውላ ስትጠይቀው «ማስታወቂያ ነበር እኮ» ብሎ መለሰላት።

በዩቲዩብ፣ በቲክቶክና በቴሌግራም የሚደክሙ ወጣቶች ለልፋታቸው ሊከፈላቸው እንደሚገባ አምናለሁ። ካሜራውም፣ ኢንተርኔቱም፣ የኤዲተሩም ደመወዝ ገንዘብ ይጠይቃል። የሚያንገበግበኝ የክፍያው መደበቅ ነው። «ማስታወቂያ» የሚለው ቃላችን ራሱ ማሳወቅን የያዘ ሆኖ ሳለ፣ ተመልካቹ ማስታወቂያ መሆኑን እንዳያውቅ ተደርጎ የሚቀርብ ነገር በምን አግባብ በዚህ ስም ይጠራል?

ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር ወቀሳው የሚያርፈው በተከፋዩ ላይ ነው፤ ከፋዩ ግን ሳይነካ ያልፋል። ይህ ትክክል አይመስለኝም። ድርጅቶች ቴሌቪዥኑን ትተው ወደ ዩቲዩበሩ የሚሄዱት፣ ሰው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሲያይ የሚያድርበት ጥርጣሬ ወዳጁ አድርጎ የሚያየው ሰው ሲናገር ስለማያድርበት ነው። የሚገዙት ይህንን እምነት በመሆኑ፣ ክፍያው ቢነገር የገዙት ነገር ዋጋ ይቀንስባቸዋል፤ በጽሑፍ ባይሰፍርም ዝምታው የውሉ አካል ይሆናል።

የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሻሻለው መመሪያ፣ ጦማሪዎች በገንዘብም ሆነ በነጻ ዕቃ መልክ የተቀበሉትን ጥቅም መግለጽ እንዳለባቸው ሲያስታውቅ፣ አስነጋሪው ድርጅትም ሊጠየቅ እንደሚችል አመልክቷል። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ሕግ፣ በእንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ ምክንያት በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት አስነጋሪውና ተናጋሪው በጋራ ኃላፊ እንዲሆኑ ደንግጋለች። የእኛም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 በመገናኛ ብዙኃን የሚተላለፍ ማስታወቂያ ከሌላ ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል፤ ነገር ግን አዋጁ የወጣው ቲክቶክ ገና ባልተፈጠረበት ጊዜ ነው።

ስለዚህ የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንና ሌሎች የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች፣ ለግለሰቦች የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾች የሚከፍሉ ድርጅቶችን በስም የሚጠቅስና ተጠያቂ የሚያደርግ ግልጽ ደንብ እንዲያዘጋጁ እጠይቃለሁ። መግለጫውም ከቪዲዮው ሥር በእንግሊዝኛ ፊደል የሚለጠፍ አጭር ምልክት መሆን የለበትም፤ እናቴን የመሰሉ፣ ማንበብ የማይችሉ ተመልካቾች ብዙ ናቸውና፣ ገና ከመነሻው «ይህን እንድናገር እገሌ ድርጅት ከፍሎኛል» ተብሎ በሚሰሙት ቋንቋ በአንደበት ይነገራቸው። ቤትን፣ መድኃኒትንና የውጭ አገር ሥራን በሚመለከት ደግሞ፣ የሚጠፋው የሰው ዕድሜና ጤና ስለሆነ፣ ቁጥጥሩ ከሌላው ሁሉ ሊጠብቅ ይገባል።

የእናንተንም ገጾች ሳልጠቅስ ባልፍ ለራሴ ታማኝ አልሆንም። ድርጅቶች ከፍለው በሚያሳትሟቸው ቃለ መጠይቆችና የስኬት ታሪኮች ላይ «ማስታወቂያ» የሚለው ቃል በገጹ ጥግ በደቃቅ ፊደል ከሚሰፍር፣ ከርዕሱ በላይ፣ በርዕሱ ፊደል መጠን ቢታተም ምን ይጎዳችኋል?

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ