እናታችንን አብራችሁን ላስታመማችሁ ሁሉ

እናታችን ካረፈች ሁለት ወር ሆነ። ምስጋናዬ የዘገየው ቃል አጥቼ ነው።

ስድስት ዓመት በአልዛይመር ታማለች። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚወስደው የቅርቡን ትዝታ ነው። ጠዋት የበላችውን ትረሳለች፤ የልጅነቷን ግን የትናንት ያህል ታወራለች። እናም ድሮ የሞተች እናቷን ትፈልግ ነበር። "እማዬ የት ሄደች?" ትለኛለች። እውነቱን መንገር ያለብኝ መስሎኝ "ሞታለች እኮ" እላታለሁ። እሷ ግን ሁሌም እንደ አዲስ መርዶ ታለቅሳለች። ይሄ አሁንም ያንገበግበኛል።

ከዚህ ያወጡኝ ባለቤታቸውን በዚሁ በሽታ የሚያስታምሙ አንድ እናት ናቸው። "ልጄ፣ አታርሚያት። ስለ እናቷ ጠይቂያት" አሉኝ። የዚያን ዕለት ማታ "እናትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?" አልኳት። እጄን ይዛ፣ ፈገግ እያለች ስታወራልኝ አመሸች። እማማ፣ ያቺን ምሽት የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ዕድሜ ይስጥልኝ።

አባትህን የምታስታምመው ወንድማችንም፣ ተባረክ። በአንድ ሌሊት ሲብስባት እኛ በሽታው የጸና መስሎን ነበር። "በድንገት ከሆነ ሌላ ነገር ይኖራል፤ ሽንቷን አስመርምሩ" አልከን። ኢንፌክሽን ነበር። ታክማ ወደ ቀድሞዋ ተመለሰችልን።

ወንድሜ፣ ለአንተ የምለው ይበዛል። እናታችን ስለ እኔ "ገንዘቤን ሰረቀችኝ" ብላ በስልክ ስትነግርህ አመንካት። ቦርሳዋን ትራሷ ስር የምትደብቀው ራሷ ነበረች። ስንት ወር ተኳረፍን! ከዚያ መጥተህ ሁለት ሳምንት ከእኛ ጋር ከረምክ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንዴት እንደምትቅበጠበጥ አየህ። ቤቷ ውስጥ ሆና "ቤቴ ውሰዱኝ" እያለች ከበሩ ጋር ስትታገል አየህ። በአራተኛው ቀን አንተንም "ሌባ" አለችህ።

ማታ ወጥ ቤት ገባህ። ሳህኑን ከእጄ ተቀብለህ ማጠብ ጀመርክ። "አንቺ ሂጂና ተኚ" አልከኝ፤ ድምፅህ ተሰባብሮ ነበር። ሌላ ቃል አላስፈለገኝም። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜና እሁድ የአንተ ተራ ሆነ። ሌሊቱን ሙሉ መተኛት የጀመርኩት ያኔ ነው።

"እናትሽ እንዴት ናት?" ብላችሁ፣ ቀጥላችሁም "አንቺስ በልተሻል?" ያላችሁኝን ሁሉ አልረሳችሁም።

አሁንም በዚህ ውስጥ ያላችሁ፣ ደውሉልኝ። በተለይ አመሻሽ ላይ። ሰዓቱን አውቀዋለሁ፤ አነሳለሁ።