የማርሹ ቦኮላ

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? የሜሪላንድ ብርድ እንዴት ያደርግሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቋ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆ ጣራ ላይ ወረወረው። «ለአባባ ንገሪልኝ» ስላለኝ ነው።

ፎልሷን አስነሳኋት። ሸራዋን ገልጬ ባትሪ ስቀይርላት ሞተሯ ወዲያው ተነሳ። ያስቸገረን ማርሹ ነው። ግራ ቀኝ ይዋልላል። ሁለተኛ ስፈልግ ሪትሮ ይይዛል። ካምቢዮው አለቀለት ብዬ ደንግጬ ነበር። መካኒኩ ግን ገና ነካ ሲያደርገው «ካምቢዮ አይደለም፣ አይዞሽ» አለኝ።

ለካ ካምቢዮው ከኋላ ስለሆነ፣ ከማርሹ ሥር የሚነሳ ረጅም ዘንግ በወለሉ መሃል ውስጥ ለውስጥ ሄዶ ነው የሚደርስበት። ያንን ዘንግ ደግፋ የምትይዘው አንዲት የፕላስቲክ ቦኮላ ናት። ማርሹን ፈትተን በቀዳዳው በባትሪ ሳይ ቦኮላዋ የለችም። ባዶ ቀለበት ብቻ። መካኒኩ በፒንሳ ፈልጎ ሦስት ስባሪ አወጣ። ቢጫ፣ እንደ ደረቀ የብርቱካን ልጣጭ የሚሰባበር። ከኋላ ወንበር ሥር ያለችውን ክዳን ከፍተን የዘንጉንና የካምቢዮውን መጋጠሚያም አየነው። ጎማዎቹ አልቀው ብረት ከብረት ይፋተጋል።

ሁለቱንም ሶማሌ ተራ አገኘኋቸው። አዲሷን ቦኮላ ግሪስ ቀብቼ ያስገባኋት እኔ ነኝ፣ አባዬ። የመካኒኩ እጅ ወፍራም ስለሆነ በቀዳዳው አልገባለትም። አንድ ሰዓት ሙሉ ታገልኩ። ቀለበቱ ውስጥ ቁጭ ስትል ጣቴ ላይ ተሰማኝ። መጨረሻ ላይ የመጋጠሚያው ቡሎን እንዳይላላ በሽቦ አሰርነው። አሁን ማርሹ ቀጥ ብሎ ይገባል።

ስባሪዎቹን አልጣልኳቸውም። ሲኒ ውስጥ አሉ።

የሽሮ ሜዳውን ዳገት ታስታውሳለህ? 19 ዓመቴ ነበር። ሁለተኛ ላስገባ ስል ተንቋቋ፣ መኪናዋ ቆመች፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩንባውን ለቀቀው። «ካምቢዮውን በላሽው! ይሄ እጅሽ አይረባም፣ ውረጂ!» አልከኝ። ወረድኩ። እስከ ቤት በእግሬ መጣሁ። ከዚያ በኋላ ቁልፉን አልሰጠኸኝም፣ እኔም አልጠየቅኩህም። በዓመቱ ወንድሜ ሲማር ያው ሪትሮ ይይዝበት ነበር። እሱን ግን «ማርሹ ትንሽ ያስቸግራል፣ ቀስ በል» አልከው። በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ።

ቦኮላዋ ያን ቀን ተሰብራ ነበር ወይስ በኋላ፣ አላውቅም። መካኒኩን ስጠይቀው «ይሄ የቆየ ነው፣ የተሰበረበት ጠርዝ ራሱ አልቋል» አለኝ። ይህን እንድታውቅልኝ ፈልጌ ነው። እጄ አልነበረም፣ አባዬ።

በዚያችው ፎልስ ስንት ዓመት ትምህርት ቤት እንዳደረስከኝ አልረሳሁም። ክረምት ላይ ዝናቡ እንዳይነካኝ በሩ ድረስ ታስጠጋት ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።

ደግሞ ሊብሬው የት ነው? ቦሎ ላስለጥፍላት ፈልጌ ቁም ሳጥኑን ብገለብጥ አጣሁት። የግፊት መድኃኒትህንም ሰዓቱን ጠብቀህ ውሰድ፣ «ደህና ነኝ» እያልክ አትዝለል። ወንድሜ ሥራ ሲሄድ ማን ነው የሚያስታውስህ?

እሱ በደወልኩ ቁጥር «በጣም ተሽሎታል» ይለኛል። እኔ ግን ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ አይቻለሁ። ሲኒውን በግራህ ነው ያነሳኸው። ቀኝ እጅህን ጋቢው ውስጥ ከተህ አንዴም አላወጣኸውም። ልጠይቅህ ብዬ ስለ ልጆቹ ጥርስ አወራሁ።

ፎልሷን ሳሰራ «ሲመጣ ይነዳታል» እያልኩ ነበር። ማርሹን ስፈታው ግን እጅህ ትዝ አለኝና መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ስትመጣ ቦሌ የምቀበልህ በእሷ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይበዛ ሰፈር ውስጥ እየተለማመድኩ ነው። አጠገቤ ቁጭ ትላለህ። ስሳሳት ንገረኝ፣ አትጩህብኝ ብቻ።

እሁድ እደውላለሁ። ቡናህን በቀኝ እጅህ ያዝልኝ። እምቢ ካለህም ከጋቢው አውጣና አሳየኝ።

ልጅህ