ጭፈራውማ ደስ ይላል

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ነዋሪነቴ ቶሮንቶ ነው፤ ሰሞኑን ለእረፍት ወደ ትውልድ ከተማዬ ሐዋሳ መጥቼ ስለ ባህል ብዝኃነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብሁ። ካናዳን በአርአያነት ማንሳታችሁ ባይከፋም ግማሹን አስቀርታችሁታል።

እርግጥ ነው፣ ካናዳ የመድብለ ባህል ፖሊሲዋን እ.ኤ.አ. በ1971 አስታውቃ በ1988 በሕግ አጽንታዋለች። ከቶሮንቶ ነዋሪ ግማሽ ያህሉ እንደ እኔ ከሌላ አገር የመጣ ነው። በዓላችንን ማንም አይከለክለንም፤ ፈረንጁም እንጀራችንን ተሰልፎ ይበላል (ሚጥሚጣው ላይ ግን ይጠነቀቃል)። ያው እንጀራ ወዳድ ቀጣሪ ሲሆን ግን "የካናዳ የሥራ ልምድ አለሽ?" ይላል። አገሯ ነርስ የነበረች ሴት እዚያ ዓመታት በጽዳት ሥራ ትገፋለች። ሥራ አይናቅም፤ ሙያዋስ? ቶሮንቶ የምትገኝበት የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት የሰብአዊ መብት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ይህ መስፈርት አድልዎ መሆኑን በፖሊሲው እስከማስታወቅ ደርሷል።

ወደ ቤታችን ስመለስ፣ የሲዳማ የዘመን መለወጫ በዓል ፍቼ ጫምባላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ መመዝገቡ ያኮራኛል። በዓሉ በሚከበርበት በሐዋሳው ጉዱማሌ ላይ ወላይታው፣ ጉራጌውና አማራው ከሲዳማው ጋር ሲጨፍር ማየትም ደስ ይላል። በማግስቱ ቤት ሊከራይ ሲሄድስ? "ከየት ነህ?" ይባላል ወይ? ከገጠር የመጣች፣ ከሲዳምኛ ሌላ የማትችል እናትስ በሆስፒታል ካርድ ክፍል ማን ያነጋግራታል?

ለሚቀጥለው ዘገባችሁ ካሜራውን ከጭፈራው አንስታችሁ ደላሎችን፣ ቀጣሪዎችንና የካርድ ክፍል ሠራተኞችን ብትጠይቁልን።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አንባቢ፣ ሐዋሳ