እማ፣ አጠገቤ እንድትቀመጪ ነው

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከረምሽ? ግፊትሽስ እንዴት ነው? እኛ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነን።

ማህፀኔ ውስጥ ስላለው እጢ፣ ስለ ማዮማው፣ በስልክ ስነግርሽ ድምፅሽ ጠፋ። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። ኦፕራሲዮኑ ለማክሰኞ ሳምንት ተቀጥሯል። እጢው የሚወጣው ሆዴ ተከፍቶ ነው። ሐኪሟ ለስድስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳላነሳ ነግራኛለች። የ20 ሊትር ጀሪካን ይቅርና ትንሹን ልጄንም ብድግ አድርጌ ማቀፍ የለብኝም። ይህን ስሰማ ነው ያለቀስኩት።

አንቺ «ሰው አታስቸግሪ» እያልሽ ነው ያሳደግሽኝ። ራስሽ ኦፕራሲዮን ስትሆኚም ለማንም አልነገርሽም። ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በአንድ እጄ የመድኃኒት ወረቀት፣ በሌላው ፔርሙስ ይዤ፣ ደም የሚሰጥ ሰው ስፈልግ ዋልኩ። ተቀይሜሽ አይደለም እማ። ግን ትልቁ ልጄ እንደዚያ እንዲሮጥ አልፈልግም። ስለዚህ ሰው ለመንኩ።

መጀመሪያ አፌ እምቢ አለኝ። ጎረቤቴ ቤት ቡና ጠርታኝ ከአቦል እስከ በረካ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ስነግራት «ተኝተሽ ከሰው ብሰማ ኖሮ አልምርሽም ነበር» አለችኝ። አሁን ትልቁን ልጅ በባጃጅ ትምህርት ቤት የምታደርሰው እሷ ናት። ውሃ በመጣ ቁጥር ባሏ በርሜሉን ይሞላልናል። የሚተካ ሁለት ከረጢት ደም ያስፈልጋል ተብዬ ነበር፤ ከመሥሪያ ቤት ሦስት ሰው ተነሳ። አንዷ ከ45 ኪሎ በታች ሆና መለሷት። በጣም ከፋት። «እንግዲያው ልብሳችሁን እኔ አጥባለሁ» አለች። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች እህቴ ታድራለች፤ ለመድኃኒት መሯሯጡ የባሌ ነው።

አንቺ ወጥ አትሠሪም፣ አጥሚትም አታፈዪም። አጠገቤ ትቀመጫለሽ። ስነቃ መጀመሪያ የአንቺን ድምፅ መስማት እፈልጋለሁ። ጠያቂ ሲበዛም «ተራ በተራ ግቡ» ብትይ ማንም አይቀየምሽም፤ እኛ ብንል ግን ያኮርፉናል። አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ፤ ከንፈሬ ደርቆ ብታዪ እንኳ ሐኪሞቹ ሳይፈቅዱ ውሃ እንዳታቀምሺኝ። አንጀትሽ እንደማይችል አውቃለሁ።

እሁድ ወንድሜ ሐረር ሸዋ በር ይጠብቅሻል። ብቻሽን እንዳትሳፈሪ፤ የደንገጎ ቁልቁለት ያዞርሻል። የግፊት መድኃኒትሽን ለወር የሚበቃ ያዢ። ወፍራሙን ጋቢ እዚያው ተዪው፤ ስስ ነጠላ ይበቃሻል።

ከመውጣትሽ በፊት ግን አንቺም አንድ ሰው አስቸግሪልኝ። ቁልፉን ለጎረቤትሽ ስጫት፤ ዶሮዎችሽን ትመግብልሽ።

ልጅሽ