የእንቅልፍ ምክሩን ለባለ ሆቴሉም ንገሩልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ ጤናማ እንቅልፍ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ምክሩ ትክክል ነው። አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት ይተኛ፣ የሚተኛበትና የሚነሣበት ሰዓት አይዘበራረቅ፣ ስልኩን ከአልጋ ያርቅ፣ ክፍሉ ጨለማ፣ ጸጥተኛና ቀዝቃዛ ይሁን። በዚህ የማይስማማ የለም። እኔ የምኖረው ግን አዳማ ነው። በመጋቢት ወር አዳማ ላይ ቀዝቃዛና ጸጥተኛ ክፍል ያለው ሰው ካገኛችሁ አድራሻውን ላኩልኝ፤ እከራየዋለሁ።

የእንቅልፍ ዘመቻ ሁሌ የሚያናግረው እንቅልፍ ያጣውን ሰው ነው። እንቅልፍ የሚነሳውን ግን ማንም አያናግረውም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

የምሠራው መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። መሸት ሲል ሁለት ዓይነት ደንበኛ ይመጣል። አንዱ «እህቴ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ ነገር ስጪኝ» ይላል። ሌላው «እንቅልፍ የሚያባርር የለም?» ይላል። ለመጀመሪያው ያለ ሐኪም ማዘዣ አልሰጥም። እንደ ዳያዜፓም ያሉ መድኃኒቶች ለአጭር ጊዜ እንጂ ለዘወትር አይደሉም። ሰውነት ይለምዳቸዋል፤ ከለመደ በኋላ በድንገት ማቆም ራሱ ሌላ ችግር ነው። ደንበኛው ግን ይቆጣል፣ «ሌላ ቦታ ይሸጡልኛል» ብሎ ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት ትንሽ ካወራን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ነገር በሽታ አይደለም። ጎረቤቱ ያለው ግቢ መጠጥ ቤት ሆኗል፤ ወይም አዳር ሠርቶ ቀን መተኛት አልቻለም፤ ወይም ቤቱ አቃጥሎታል።

ሙቀቱን ቀላል አድርገን አንየው። ሰው እንቅልፍ የሚይዘው የውስጥ ሙቀቱ ትንሽ ዝቅ ሲል ነው። ቀን ሙሉ ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ጣሪያ ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ታች ይለቃል። መስኮት ልክፈት ቢሉ ትንኝ አለ፤ ከትንኟ ጋር ወባ። ልዝጋው ቢሉ መታፈን ነው። ስለ አጎበር ስንት ዓመት ተዘመተ። ብዙ ሰው ግን «ያፍነኛል» እያለ ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል። እንግዲህ አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤት ለቤት ስትዞር ስለ ወባና ስለ እንቅልፍ ለየብቻ ከምታስተምር፣ «መስኮቱን ክፈቱ፣ አጎበሩን ስቀሉ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ለብ ባለ ውኃ ተለቃለቁ» ብትል ሁለቱንም ይዛለች። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ድምፁ ግን በምክር አይፈታም። እኛ ሰፈር አንድ ቤት አለ፤ ስሙን አልጠራም። ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት የሙዚቃው ወፍራም ድምፅ (ባሱ) ግድግዳ አልፎ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ብርጭቆ ያንቀጠቅጣል። ቅሬታ ያቀረቡ ጎረቤቶች «ሥራ አትቃወሙ» ተባሉ። ሥራ የሚቃወም የለም። ነገር ግን ድምፅ በሕጋችን ብክለት ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ከበካይ ነገሮች ጋር ቆጥሮታል። ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው የሌሊት ጣሪያ ደግሞ 45 ዴሲቤል ነው። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ሲያወሩ እንኳ ወደ 60 ይደርሳል። ስለዚህ የኛ ሰፈር ቤት ስንት እንደሚሆን ገምቱት።

«ለምደነዋል» የሚሉ አሉ። ጆሮ ይለምድ ይሆናል፤ ልብ አይለምድም። ሰውዬው ባይነቃ እንኳ ድምፅ ሲያስደነግጠው የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ጥልቁ እንቅልፍ ይቆራረጣል። ጠዋት የተኛ ይመስለዋል፤ ድካሙ ግን አልለቀቀውም። ስለ እምነት ቦታዎች ድምፅ ማጉያም ቅሬታ የሚያነሡ አሉ። እሱን አባቶችና ሽማግሌዎች ተቀምጠው ቢነጋገሩበት ይሻላል፤ እኔ እዚህ አልገባበትም።

ወደ ሁለተኛው ደንበኛ ልመለስ፤ እንቅልፍ የሚያባርር ወደሚፈልገው። ይሄኛው አብዛኛውን ጊዜ ሹፌር ነው። አዳማ የጅቡቲ መንገድ በር ናት፤ ተሳቢው ሌሊትና ቀን ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1997 አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች «ኔቸር» መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት አለ። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል ሆኖ ተገኘ። በኛ ሰዓት አስሉት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሣ ሹፌር ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እዚያ ደረጃ ደርሷል። ለመጠጥ ትንፋሽ የሚለካ መሣሪያ አለ። ለእንቅልፍ የለም፤ ትራፊክ ፖሊሱ መንጃ ፈቃዱን አይቶ ያሳልፈዋል።

ሹፌሩም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጫት ይቅማል፤ ምርቃናው ለጥቂት ሰዓት ያነቃዋል። ሲደርስ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፤ ስለዚህ ጨብሲ ብሎ ቢራ ይጠጣል። ቢራው ቶሎ ያስተኛል፣ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ይበጣጥሰዋል። በማግስቱ ደግሞ ጫት። ይህን የሚያደርገው ስላላወቀ አይደለም። ብዙዎቹ የሚከፈላቸው በምልልስ ነው። መንገድ ዳር አቁሞ የተኛ ሹፌር ከኪሱ ቆርጦ ነው የተኛው። አውሮፓ ውስጥ የከባድ መኪና ሹፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ የማረፍ ግዴታ አለበት። እዚያ ማረፉ ለሹፌሩ በጎ ፈቃድ አልተተወም። እኛ ግን ፖስተር ለጥፈን «እንቅልፍህን አክብር» እንለዋለን። ፖስተሩ ባለ መኪናው ቢሮ ቢለጠፍ ይሻል ነበር። ለሹፌሩ እስከዚያው የሚጠቅመው ነገር አጭር ነው፤ መስታወት መክፈትና ሬዲዮ ማስጮህ አያድንም። ቆም ብሎ ቡና ጠጥቶ ወዲያው ሃያ ደቂቃ ማሸለብ ይረዳል፤ ቡናው ሥራ የሚጀምረው እሱ ሲነቃ ነው።

እርግጥ ሁሉም ጥፋት የሌላ ሰው አይደለም። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ ተጥዶ ከዋለ ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን፣ ግማሽ ያህሉ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ገና ሰውነት ውስጥ ነው። ተማሪዎችም ፈተና ሲደርስ አድረው ይሸመድዳሉ፤ ወላጅ ደግሞ «ጎበዝ» ይላቸዋል። በዚያ ዕድሜ የሚያስፈልጋቸው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው፤ ያጠኑትን አእምሮ የሚያደላድለውም በእንቅልፍ ነው።

ለግለሰብ ብቻ የሚነገር መልእክት ምረጪ ብባል ግን ስልክም ቡናም አልመርጥም። ማንኮራፋትን እመርጣለሁ። እኛ ዘንድ የሚያንኮራፋ ሰው «ጥሩ እንቅልፍ ወሰደው» ይባላል፤ ይሳቅበታል። እያንኮራፋ ድንገት ትንፋሹ ጸጥ ብሎ፣ ቆይቶ እንደታነቀ ሰው ተንፍሶ የሚቀጥል ከሆነ ግን ጉሮሮው እየተዘጋ ነው። ሌሊት ይህ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ሰውዬው ቀን ወንበር ላይ ያንቀላፋል፣ ግፊቱ በመድኃኒት አልወርድ ይላል። የግፊት መድኃኒት ሊወስዱ የሚመጡ ሰዎችን አልፎ አልፎ «ባለቤትዎ ስለ ማንኮራፋትዎ ምን ይላሉ?» እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ይሥቃሉ፣ ከዚያ ያስባሉ። ይህን የሚያውቀው የታመመው ሰው ሳይሆን አብሮት የሚተኛው ነው። ዘመቻው የሚስቶችንና የባሎችን ጆሮ ቢይዝ ብዙ ሰው ሐኪም ዘንድ ይሄዳል።

የዓለም የእንቅልፍ ቀን ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ይከበራል። የሚውለው ቀንና ሌሊት እኩል ከሚሆኑበት ቀን በፊት ባለው ዓርብ ነው፤ በኛ መጋቢት መጀመሪያ አካባቢ። እኛ ከተማ ቢከበር እንዴት እንደሚሆን ከወዲሁ ይታየኛል። አዳማ የስብሰባ ከተማ አይደለች እንዴ! አንድ ሆቴል አዳራሽ ይከራያል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ሻይ ቡና ይባላል። ማታ ተሰብሳቢው እዚያው ሆቴል ሲያድር ከታች ባንዱ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ይጫወታል።

ስለዚህ ከእናንተ የምጠይቀው ይህን ነው። በሚቀጥለው ስለ እንቅልፍ ስትጽፉ ከሐኪሙ ጎን አንድ ባለ ሆቴልና አንድ የጭነት መኪና ባለንብረት ጠይቁልን። የሆቴሉ ሰው ድምፁን በስንት ሰዓት እንደሚቀንስ፣ የመኪናው ባለንብረት ሹፌሩ ሲያርፍ ይከፍለው እንደሆነ ይንገሩን። ሌላም አለ። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ባሱ ሲያስነሣን የምንደውልለትን ቢሮ ከከተማው አስተዳደር አጣርታችሁ፣ ስልክ ቁጥሩን በትልቁ አትሙልን። መድኃኒት ቤቱ በር ላይ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ፋርማሲስት፣ ከአዳማ